ለቁስቋም በዓል የተቻኮለ ጥርስ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፴

ዛሬም «ሠ» እና «ጸ» ከአፌ ንጹሕ ሆነው ወጡ። በሬን ዘግቼ ሦስት ጊዜ ሞከርኋቸው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ከረገፉ ወዲህ ዜማዬን ፉጨት ያበላሸው ነበር። የፊታችን ዓርብ በቁስቋም በዓል ማኅሌቱን የምመራው እኔ ነኝ፤ አርባ ዓመት ድጓ ያስተማረ አፍ በሕዝብ ፊት አያፏጭም።

ነሐሴ ላይ በላይኛው መንጋጋዬ አጥንት ውስጥ ሁለት ብሎኖች ተተከሉልኝ። ሐኪሟ ዶክተር ሣራ እስከ የካቲት ጥርስ እንዳይገጠምባቸው ፈልጋ ነበር። «የላይኛው አጥንት ከታችኛው ይለሰልሳል፤ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዘው ጊዜ ይፈልጋል፣ አባቴ» አለችኝ። እኔ በዓሉን ጠቀስሁ፤ ድምፄንም ከፍ አደረግሁ። በመጨረሻ በዚህ ሳምንት ጊዜያዊ ጥርስ ገጠመችልኝ፤ ከታችኞቹ ጋር እንዳይገናኝ አድርጋ አሳጠረችው። ለመናገር ብቻ ነው፤ ለማኘክ አይደለም። ይህን እንደ ጀማሪ ተማሪ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ነገሩን የምታውቀው ልጄ ምሕረት ብቻ ናት። ለምን እንደሸሸግሁት እዚህ ልጻፈው፦ አምና ጥርሱን ያስተከለውን የሽሮ ሜዳውን ሸማ ነጋዴ፣ አቶ ደምሴን፣ «እግዚአብሔር የነሣውን በብሎን የሚያስመልስ» ብዬ በጉባኤ መካከል ገሥጬዋለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር ፩

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተቀመጥን። እኔ ብቀር ማኅሌቱን የሚመራው መሪጌታ ስንታየሁ አፍ አፌን ያያል።

«የኔታ፣ ጥርስዎ ነጣ እኮ! በስተርጅና የወተት ጥርስ አበቀሉ እንዴ?»

ሰዉ ሣቀ። «ጾሙ አጥቦት ነው» አልሁ። ዋሸሁ፤ ያውም በጽጌ ጾም፣ ያውም በደጀ ሰላም።

የደብሩ አለቃ የሽምብራ ቆሎ በገዛ እጃቸው ዘግነው ሰጡኝ። ከእርሳቸው እጅ የተቀበሉትን ፊታቸው አለመብላት ንቀት ነው። ወደ ኪሴ እንዳልከት መሪጌታ ዓይኑን አልነቀለም። የላይኞቹ የመንጋጋ ጥርሶቼ ከወለቁ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ በጊዜያዊው የፊት ጥርስ ቆረጠምሁ። አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ። በሦስተኛው በስተቀኝ በኩል አንዳች ነገር ድዴ ውስጥ ተላወሰ። ፈገግ ብዬ ዋጥሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር ፪

የቀኙ ይነቃነቃል። በምላሴ ስገፋው ይሄዳል፤ ስተወው ይመለሳል። ሕመም የለውም፤ ቢያመኝ ይሻለኝ ነበር።

ምሕረት ቁርሴን አለመንካቴን አይታ ገባት። «አባባ፣ አሁኑኑ እንሂድ። ሐኪሟ ትቆጣኛለች ብለው ነው?»

«እኔን የሚቆጣ ሐኪም አልተወለደም» አልኋት። እስከ ዓርብ ይቆያል። መቆየት አለበት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፫

አልቆየም። ሌሊቱን ምራቄ ደም ደም ሲል አድሮ፣ ጠዋት ምሕረት እየመራችኝ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ወዳለው የጥርስ ክሊኒክ ሄድን። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? አቶ ደምሴ፤ ለክትትል መጥቶ።

«የኔታ! እርስዎም?» አለና ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ጥድፊያዬን ምሕረት ነገረችው፤ ዝም በይ ብላትም አልሰማችኝ። «እኔ እኮ ስምንት ወር ሙሉ አጥሚት ጠጥቻለሁ፤ ሰው ሲያስቀኝ አፌን በጋቢ እየሸፈንሁ። እርስዎን ምን አስቸኮለዎ?»

በድምፁ ውስጥ ሽሙጥ ብፈልግ አጣሁ። ሽሙጥ ቢሆን መልስ ነበረኝ። ትዕግሥትን ያስተማርሁት እኔ፣ የታገሠው እርሱ። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ስሜ ተጠራ፤ ተገላገልሁ።

ዶክተር ሣራ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መረመረች። የግራው ይዟል። የቀኙ ላልቷል። ጊዜያዊው ጥርስ ወልቆ ጫና ካልነካው ምናልባት ይይዝ ይሆናል፤ ተስፋው ግን ጠባብ ነው። ካልያዘ ይነቀላል፤ አጥንቱ እስኪሽር ወራት ተጠብቆ እንደገና ይጀመራል።

«እስከ ዓርብ ልታገሠው?»

«አባቴ፣ ጮኸው ሲያዜሙ ምላስዎ ይገፋዋል። በአንድ ስለተያያዙ የግራውንም ይዞት ይሄዳል። አጥንት በዓል አያውቅም።»

ጴንጤ ስለሆነች በዓሉን ናቀችብኝ ብዬ አሰብሁ። ይህን ክፉ አሳብ ያሰብሁት እኔ ነኝ። እስከ ነገ ጊዜ ስጭኝ ብያት ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፬

አስወለቅሁት። «ጎበዝ» አለችኝ፤ እንደ ሕፃን። መስተዋት ሰጠችኝ፤ መለስሁላት።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፭

ከቤት አልወጣሁም። ለአለቃ «ብርቱ ጉንፋን ይዞኛል» የሚል ወረቀት ጻፍሁ። በመልካም የእጅ ጽሕፈት፣ ማኅተም ብቻ የቀረው ውሸት። ምሕረት አነበበችውና ጽሕፈቱን ወደ ታች ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚህ የመሪጌታ ሣቅ ይሻላል። ቀደድሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር ፮

ወደ ደብሩ ዳገቱን ወጣሁ። ማኅበሩ ቆሞ ይጠብቀኛል። «የኔታ፣ ይምሩ እንጂ» አሉ አለቃ።

ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ተናገርሁ፤ ቃሎቼ እያፏጩ፦ «ጥርስ አስተክዬ ነበር። ሐኪም ጠብቅ ሲለኝ አልጠበቅሁም፤ አትብላ ስባልም በላሁ። እሑድ ጾሙ አጥቦት ነው ያልሁት ውሸት ነበር። ዛሬ መሪጌታ ይምራ፤ እኔ እቀበላለሁ።»

መሪጌታ ሣቀ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ጸናጽሉን አነሣና መራ፤ ማለፊያ አድርጎ መራ፤ ይህንም መመስከር ግድ ነው። እኔ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀበልሁ። ከአጠገቤ የቆመው ሰው ፉጨቴን ሰምቶ ዞር አለ። አፌን አልሸፈንሁም።

የቀኙ መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ከገና በኋላ ነው። ዛሬ በምላሴ አልነካሁትም።