የቤዝመንቱ ባዶ መስመር

ሰኞ፣ ኅዳር 3

በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ፦ ዛሬ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ተሰርዣለሁ። ለቅሶ መድረስ የሚፈልግ ቤዝመንት ይውረድ፤ መብራቱ ስለማይሠራ ግን ግንባሩን ይጠብቅ።

እስከዚያ ድረስ ቀኑ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ሻይ ጠጣሁ፣ ኬብል ጎተትኩ፣ የጥበቃውን ወንበር ዝቅ አደረግሁበት (ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ!)። ከዚያ ፕሪንተሩ ላይ አንድ ወረቀት… አዲሱ የአድራሻ ፕላን።

እዚህ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ እንደ ቤት ቁጥር የራሱ ቁጥር አለው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሩቅ አገር የተቀመጡ ሌሎች ኮምፒውተሮች ተከራይቷል፤ ክላውድ (ደመና) ይሉታል። የእነሱና የእኛ ቁጥር አንድ ከሆነ መልእክቱ የማን ቤት ይግባ? ስለዚህ ሁለቱ ሳይገናኙ በፊት ቁጥር እንደ አዲስ ይታደላል። አንደኛ ፎቅ ደርሶታል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ደርሷቸዋል። ሽንት ቤት በር ላይ ያለው ካሜራ እንኳ ደርሶታል! ቤዝመንት… ማለትም እኔና አሮጌ ማሽኖቼ… ባዶ። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

እንዳላየ ሰው መልሼ አስቀመጥኩት። ኮንትራቴ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነው። ገባኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

አለቃዬ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ጋሽ ቁልፍ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አፉ የሚከፈተው ለምሳ ብቻ ነው።

"ወረቀቱን አየኸው?"

"የምን ወረቀት ጋሼ?"

አየኝ፣ አየኝና ሄደ። ማወቄን ሊያጣራ ነበር እኮ! ሽማግሌ ቀበሮ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ደመናዋ እኔ ጋ ወረደች። የክላውዱን ሥራ የያዘችው ኢንጂነር ናት። ደብተር ይዛለች። ለምን ደብተር?

"እዚህ ታች ስንት ማሽን አለህ?"

"ስንት ቢሆን ደስ ይልሻል?"

"ቀልዱን ተወውና ንገረኝ።"

"ሰባት። ስምንተኛው እኔ ነኝ።"

ሳትስቅ ጻፈች። ቁጥራቸውንስ? ብላ ጠየቀች። "ሲጠሯቸው አይሰሙም፣ ደንቆሮ ናቸው" አልኳት። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ… ዕቃ የሚቆጠረው ሊወሰድ ሲል ነው።

ቤት ስገባ ለእህቴ ነገርኳት። "አንተ 'ደህና አደርክ' ስትባል እንኳ 'ምን አስበው ነው?' ትላለህ" አለችና ሳቀች። ከዚያ መሳቋን አቆመች። ሥራውን ካጣሁ ወደ አባታችን ቤት እንደምመለስ ሁለታችንም እናውቃለን። አስረኛ ክፍልን አቋርጬ የወጣሁ ዕለት አባቴ ያለኝን አልጽፈውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ወጥመድ አጠመድኩ። ፕላኑ ሁላችንም የምንከፍተው ሰንጠረዥ ውስጥ አለ፤ ማን ምን እንደጻፈ አይታይም። አስር ነጥብ አርባ ብሎ የሚጀምረው፣ ለክላውዱ የታሰበው የቁጥር መደዳ ላይ በደማቁ ጻፍኩ፦ የተያዘ። አይነካ።

ያጠፋው ሰው ጠላቴ እሱ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

አልጠፋም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

አሁንም! ይሄ ደግሞ የባሰ ያስጠረጥራል። ደመናዋ ጋሽ ቁልፍ ቢሮ ስትገባ በበሩ ስንጥቅ አዳመጥኩ።

"ጋሼ፣ ይሄን ማነው የያዘው?"

"እኔ እንጃ። ከላይ ይሆናል።"

"ላይኞቹ ከታች ነው አሉኝ። ላጥፋው?"

"አይነካ ይላል እኮ።"

ሁለት የተማሩ ሰዎች አንድ የእኔን መስመር ፈሩ! አፌን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ደመናዋ ክላውዱን ወደ አስር ነጥብ ሠላሳ አዛወረችው አሉ፤ ሰንጠረዡ ላይ ባዶ ነውና።

አስር ነጥብ ሠላሳ… የት ነበር የማውቀው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ቤዝመንት ነው የማውቀው። አሮጌ ማሽኖቼ ሁሉ አስር ነጥብ ሠላሳ ናቸው። ሰንጠረዡ ላይ ስላልተጻፉ ግን የሉም።

ጠዋት ክላውዱንና መሥሪያ ቤቱን አገናኟቸው። በር ላይ ጣት አሻራ የሚቀበለው ሳጥን "እገሌ ገብቷል" የሚለውን እኔ ጋ ላለው ማሽን መላኩን ትቶ ወደ ክላውዱ ላከ። እዚያ ማን ይቀበለው? መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ቀሪ! ሥራ አስኪያጁም ቀሪ። ጥበቃው "እኔ ካደርኩበት ነው የቀረሁት?" እያለ ይጮኻል።

ልስቅ ስል ደመናዋን አየኋት። "ጥፋቱ የእኔ ነው… ባዶ መስሎኝ" ትላለች። ሥራ አስኪያጁ ስሟን የጥፋት ደብተሩ ላይ ጻፈ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ፣ የገባችበት እሷ።

"ጋሼ… 'አይነካ' ያልኩት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ቁልፍ የዓመቱን ቃል በአንዴ አወጣው፦

"አንተ ጉድ! ቤዝመንቱን ባዶ የተውኩት አንተ እንድትሞላው ነው! እዚያ ታች ምን እንዳለ ካንተ ሌላ ማን ያውቃል? ወረቀቱን ያተምኩት ላንተ፣ ቀዩን ያሰመርኩት ላንተ!"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"አየኸው ወይ ብዬሃለሁ።"

ደመናዋ ክላውዱን ለጊዜው ነቀለችው፤ በሃያ ደቂቃ ሁሉም ሰው ተመልሶ "ገባ"። እኔ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ፤ ስሟን ሰርዞ የእኔን ጻፈ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ማስጠንቀቂያው ደረሰኝ። አንድ ገጽ፣ ማኅተም ያለው። እህቴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ተባረሃል አይልም" አለች። "አይልም" አልኳት።

ዛሬ ከደመናዋ ጋር ቤዝመንት ተቀምጠን መስመሩን ሞላን። ማሽኖቹ ዘጠኝ ናቸው፣ ሰባት አይደሉም።

"እውነትህን ነው?"

"እኔን ሳይጨምር።"

ይሄን ጊዜ ሳቀች። 'አይነካ' የሚለውን በራሴ እጅ አጠፋሁት።

ጋሽ ቁልፍ በበሩ አንገቱን አስግጎ "ቁጥር መቀየሩ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ኮንትራትህን አራዝሜዋለሁ" ብሎ ሄደ። ምን አስቦ ነው? አላልኩም። እህቴ ትመስክር።

እንግዲህ በታላቅ ሐዘን ያስታወቅሁት ጉዳይ ሲጣራ… አንድ ባዶ መስመርና የሃያ ደቂቃ ቀሪ። እስክሪብቶ አንስቼ ብሞላው ኖሮ ሰኞ ዕለት ከምሳ በፊት ያልቅ ነበር።