የባለአክሲዮኑ ጃንጥላ

ይድረስ ለእህቴ ለሮዳስ። እንዴት ነሽ፣ ቤሩት ተስማማሽ? እኛን ከቃሊቲ አቧራ በቀር ክፉ አልነካንም።

አባባ አክሲዮን የገዛበት ብስኩት ፋብሪካ አምና የትርፍ ድርሻ ከፍሎት አልነበረም? ዘንድሮ ጉባኤው ላይ «ትርፉ ለማስፋፊያ ይዋል» ተባለና ለየባለአክሲዮኑ ጃንጥላ ታደለ። አባባ በጠራራ ፀሐይ ይዞት ይንጎራደዳል።

እኔም ፋብሪካውን ልየው ብዬ ቂሊንጦ ሄድኩ። በቆርቆሮ አጥሩ ውስጥ ያለው ሽምብራ ብቻ ነው፤ እሸቱን ገዝቼ ተመለስኩ። አባባ እሱን እየፈለፈለ «ባለአክሲዮን አይቸኩልም» አለኝ።

በነጋታው የቤታችንን ካርታ ኮፒ ላስደርግ ብሎ ይዞ ወጣ። ኮፒ ቤቱ በራችን ላይ ነው፤ ካርታው ግን ይኸው ሳምንቱ፣ አልተመለሰም።

አባባ በጣም ናፍቀሽዋል። ለፋሲካ በሰው የምትልኪውን ዕቃ ግን አክስታችን አደሴ ቤት አድርጊው ብሎሻል።

እህትሽ ልዕልት