በሃምሳ ዓመታቸው ኮድ ሊጽፉ ባሕር የተሻገሩት የመምህር ወንዳወቅ ትዕዛዙ የሕይወት ታሪክ

መምህር ወንዳወቅ ትዕዛዙ ከአባታቸው ከአቶ ትዕዛዙ ደረሰና ከእናታቸው ከወይዘሮ እህተ ማርያም ጥቅምት 12 ቀን 1959 ዓ.ም. ከማንኩሳ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግር በምታስኬድ መንደር ተወለዱ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ እንዳወጉን፣ ልጁ ገና በእንፉቅቅ ሳለ አንድ አዲስ ሰፌድ ከዳር ጀምሮ ተርትሮ ጨርሷል። ስፌቱ ከየት እንደተጀመረ ለማየት ነበር።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ቅኔ ቤት ገቡ። የቅኔው መምህር ግን በሦስተኛው ወር አባታቸውን አስጠርተው፣ “ይህ ልጅ ቅኔውን ትቶ ቀለሙን ይቆጥራል፤ ለቁጥር ቤት ይስጡት” ስላሏቸው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ተዛወሩ። ሁለተኛ ደረጃን በፍኖተ ሰላም አጠናቀው፣ በባሕር ዳር በሒሳብ መምህርነት በዲፕሎማ ተመርቀው፣ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በቡሬ ከተማ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አስተምረዋል። በ1985 ዓ.ም. በልብስ ስፌት ሙያቸው ከታወቁት ከወይዘሮ አምለሰት ወርቁ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሄቨንንና ቴዎድሮስን አፍርተዋል።

በ2003 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ አሥር ኮምፒዩተሮች መጡ። ቢበላሹ እጠየቃለሁ ብሎ ሁሉም ፊርማውን ስለሸሸ፣ ክፍሉ ስምንት ወር ተቆልፎ ከረመ። መምህር ወንዳወቅ ፈርመው ቁልፉን ተረከቡ። ከመጽሐፍ እያነበቡ ፕሮግራም መጻፍ ተማሩና የመምህራኑን የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚሠራ ሶፍትዌር አዘጋጁ። ሶፍትዌሩ ለማንም ሳያዳላ ለአሥር ዓመት ጠመኔ ላልነኩት ርእሰ መምህር በሳምንት ሃያ ክፍለ ጊዜ ደለደለላቸው።

ርእሰ መምህሩ “ኮምፒዩተር ሰው አያውቅም” አሉ።

“አያውቅም፣ ጌታዬ። ጥሩነቱም እሱ ነው” ቢሏቸው ሁለት ወር ሰላምታ ተነፋፈጉ።

ያንን ሥራቸውን በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት አድርገውት ስለነበር፣ በ2009 ዓ.ም. ኢስቶኒያ በምትባል አገር የሚገኝ የሶፍትዌር ድርጅት አይቶት በጀማሪ ሶፍትዌር ሠሪነት ሊቀጥራቸው ጠየቀ። በዚያን ጊዜ ሃምሳ ዓመታቸው ነው።

ወይዘሮ አምለሰት ባለቤታቸውን “አንቱ” ነበር የሚሏቸው፤ ሲቆጡ ብቻ ይለወጥባቸዋል። ያን ዕለት “አንተ ሰውዬ! ሰው ወደ ጡረታ ሲሄድ አንተ ወደ ጀማሪነት?” አሉ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ኪዳነ ማርያም ሊያግባቡ ገብተው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲወጡ፣ “ልጄ፣ እኔም ሳስበው ባትሄድ ይሻላል” አሉ። በሁለተኛው ሽምግልና ወይዘሮ አምለሰት ሥራው ምን እንደሆነ ባለቤታቸው ራሳቸው በቅጡ እንዲያስረዷቸው ጠየቁ።

“መጻፍ ነው” አሉ መምህሩ።

“ማን ሊያነበው?”

“ማሽን።”

“ምን ብለው ነው የሚጽፉለት?”

“ይህን ሥራ፣ ያን ተው እያልኩ።”

“እሺ ይላል?”

“አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላል።”

ወይዘሮ አምለሰት፣ “እንግዲያስ የለመዱት የአስተማሪ ሥራ ነው” ብለው ፈቀዱ።

መምህር ወንዳወቅ የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ሲደርሱ አለቃቸው ካድሪ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሆና አገኟት። አለቃ ነችና በገባች ቁጥር ብድግ ይላሉ። እርሷ ደግሞ ጥለው ሊወጡ መስሏት ትደነግጣለች። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ስለማይበሉ ታመው ይሆናል ብላ ሐኪም ልትጠራም ቃጥታ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ቢሮው ተሸነፈ፤ በሦስተኛው ወር እርሳቸው ሲገቡ ሠራተኛው ሁሉ ይነሣ ጀመር።

ብርቱው ፈተና የዚያ አገር ክረምት ነበር። በታኅሣሥ ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ስትጠልቅባቸው ሆዳቸው ባባ። በቡሬ ከልጅ እስከ ልጅ ልጅ ያስተማሩት ሰው፣ በዚያ ጨለማ በጻፉት ሁሉ ወጣቶች ስሕተት ያወጡባቸዋል። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፈው ወደ ቤታቸው ደወሉ።

“አምለሰት፣ መምጣቴ ነው።”

እንዳይሄዱ በሁለት ሽምግልና የተከራከሩት ወይዘሮ አምለሰት፣ “አይሆንም” አሉ። “እኔ የተሟገትኩት እንዳይሄዱ ነው እንጂ ተሸንፈው እንዲመለሱ አይደለም። እስከ ፋሲካ ይታገሡ። ያን ጊዜም ከጨለመብዎ ይምጡ፤ በሬን አልዘጋም።”

ደብዳቤውን ቀደዱት። በሰኔ ደግሞ ፀሐይዋ አልገባ አለችና፣ ደውለው “አሁንስ አልሄድም አለች” አሉ። በ2014 ዓ.ም. ወይዘሮ አምለሰት ራሳቸው በሰኔ ሊጠይቋቸው ሄደው፣ እንግዳ ሳይሸኝ አይተኛም እያሉ በመስኮት ፀሐይዋን ሲጠብቁ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥተዋል።

ድርጅቱ ጀማሪ ብሎ የቀጠራቸው መምህር ወንዳወቅ በስድስት ዓመት ውስጥ የዘጠኝ ሰዎች ቡድን መሪ ሆነዋል። በ2015 ዓ.ም. ተመልሰው በፍኖተ ሰላም አንድ ክፍል ተከራዩና ሃያ ሦስት ወጣቶችን ፕሮግራም መጻፍ አስተማሩ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ኮዱን በጥቁር ሰሌዳ ያጽፏቸው ነበር፤ ነጠላ ሰረዝ የጎደለበት ከምሳ ይቀራል። ከተማሪዎቻቸው ሁለቱ ዛሬ በውጭ አገር በዚሁ ሙያ ይሠራሉ።

ባለፈው ዓመት ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የእህታቸው ልጅ ምስክር ይህን ታሪክ ሲያዘጋጅ ደርሰውበት፣ ወረቀቱን ተቀብለው በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። አራት የቀን ስሕተት አገኙ። “ታላቅ ሊቅ” የሚለውን ሰርዘው “መምህር” ጻፉበት። ወይዘሮ አምለሰትም ከአጠገባቸው ሆነው፣ “ያን ክረምት እንዳይመለሱ ያደረግሁ እኔ መሆኔ ይግባ” ስላሉ ገባ። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ለምስክር፣ “እዚህ ላይ ባዶ ቦታ ተው፤ እሱን እናንተ ትሞሉታላችሁ” ብለው እስክሪብቶውን መለሱለት።

እነሆ ሞላነው፦ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.።

መምህር ወንዳወቅ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጆች አባት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን። ለወይዘሮ አምለሰት፣ ለሄቨንና ለቴዎድሮስ መጽናናቱን፣ ከሩቅ ለመጣችሁ ለቀስተኞችም የሰላም መንገድ ይስጥልን። አሜን።