የሼባው ውሃ

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

እታለም፣ ሼባው ዓሣሽ ዛሬ ምግቡን ተፋ። ጎረሰና መልሶ ተፋው፤ ልክ አንቺ የእማዬን ሾርባ እንደምታደርጊው። ክፍልሽ ውስጥ ያለው አኳሪየምም ደስ አላለኝም። ከኋላው ያለው የግድግዳ ስንጥቅ ድሮ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። አሁን ጉም የገባበት ይመስላል። ምን ላድርግ? ቶሎ ንገሪኝ፣ ከሰዓት ፈተና አለብኝ።

…ይኸው፣ ጽፌ ጨርሼ መልስ እጠብቃለሁ። ከቀበርንሽ ሃያ ስድስት ቀን ሆኖ።

ግንቦት 8፣ ሐሙስ

ነጭ። ወተት የተደፋበት ይመስላል። ምግብ አብዝቼበት ይሆን? ሁለት ቁንጥር ነው የሰጠሁት… ወይስ ሦስት?

ሆስፒታል ስትገቢ "ጭራሮ፣ እስክመለስ ሼባውን አደራ" አልሽኝ። አሁን ጭራሮ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ስድስት ዓመት ያኖርሽውን ዓሣ እኔ በአንድ ወር ልገድለው ነው?

የሒሳብ መምህሩ "የት ነው ያለኸው አንተ?" አለኝ። ውሃ ውስጥ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ግንቦት 9፣ ዓርብ

ሼባው ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ዓሣ ሻጩ ጋ ሮጥኩ። ገና ሲያየኝ፦

"ያቺ ነገረኛ እህትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

ለምን እንደዋሸሁ እንጃ። ስለ ውሃው ነገርኩት። "ማጣሪያውን ነካክተኸዋል?" አለኝ። ኧረ አልነካሁም! "እስቲ ግባና ስፖንጁን አውጥተህ እየው። ቡናማ መሆን አለበት።"

ቤት ገብቼ አወጣሁት። በረዶ የመሰለ ነጭ። አሸተትኩት… በረኪና።

እማዬ ናት። ሌላ ማን ይሆናል? ላውንደሪ ስትሠራ ኖራ ሐዘኗም በእጥበት ሆነ። ከሥራ ፈቃድ ከወሰደች ወዲህ ቤት ውስጥ ያላጠበችው የለም። መጋረጃ፣ የሶፋ ልብስ፣ ልብሶችሽን በሙሉ። ይህንንም ቆሽሾ አይታው ይሆናል።

ልንገራት? ነግሬያት ዓሣው ቢሞትስ? "እኔ ገደልኩት" ትላለች። አንቺንም እኮ እንደዚያው ነው የምትለው፤ "ቶሎ ሐኪም ጋ ብወስዳት ኖሮ" እያለች። በዚያ ላይ ይሄን አትችለውም። አልነግራትም።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ዓሣ ሻጩን "እኔ ነኝ ያጠብኩት" አልኩት።

"በበረኪና?! አንተ ልጅ! የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉት ጥቃቅን ነፍሳት እኮ እዚያ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ፈጀሃቸው! እህትህ ብትሰማ ጆሮህን ነው የምትቆርጠው።"

ያኔ እንደሌለሽ ነገርኩት። መረቡን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "እኔን ይድፋኝ" አለ። ከራሱ ማጣሪያ ላይ አተላ የመሰለ ስፖንጅ በመቀስ ቆረጠልኝና ላስቲክ ውስጥ ከነውሃው ቋጠረው። "ሳይደርቅ ሩጥ። ሦስት ቀን ምግብ የለም። በየቀኑ ሩቡን ውሃ ቀይር፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ይሁን፣ ከቧንቧ በቀጥታ እንዳትጨምርበት። የቀረው ትዕግሥት ነው።"

እማዬ በር ላይ አፍንጫዋን ያዘች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መድኃኒት።"

"ይሄ ጭቃ? የታመመው ቀርቶ ጤነኛውም ይሞታል!"

ያመጣሁትን ማጣሪያው ውስጥ ከትቼ ነጩን ስፖንጅ ከአኳሪየሙ ጠረጴዛ ኋላ ልሸጉጥ እጄን ስሰድ ፎጣሽን አገኘሁ። ክንድሽን የምታደርቂበትን። ደርቆ ተኮማትሯል። ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ግን ከሥሩ… የእጅ ቅባትሽ። አንቺ። እማዬ አላየችውም። ፍራሼ ሥር ደበቅኩት።

ግንቦት 12፣ ሰኞ

ያው ነጭ ነው። ሼባው ጥግ ይዞ ይተነፍሳል። ክፍል ውስጥ ሆኜ የሚታየኝ በጀርባው ተንሳፍፎ ነው። በእረፍት ሰዓት ወደ ቤት ሮጬ አይቼው ተመለስኩ። አረፈድኩ፣ ተቀጣሁ። ይሁን።

ግንቦት 14፣ ረቡዕ

ባልዲ ይዤ ስገባ እማዬ ነጩን ስፖንጅ ይዛ ቆማለች። ስትጠርግ ነው ያገኘችው።

"እኔ ነኝ አይደል?"

"አይደለም እማዬ፣ ምግብ አብዝቼ ነው።"

"ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።"

አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስፖንጁን እያገላበጠች፦ "ልብሷንም አጥቤዋለሁ። ሁሉንም። ትናንት ሹራቧን አሸተትኩት… ሳሙና ብቻ ነው። እሷ የለችበትም።"

ስለ ፎጣው ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ካወጣሁት የኔ ብቻ አይሆንም… እንዴት ያለሁ ስስታም ነኝ?

ተነሥታ ባልዲውን ተቀበለችኝ። "የት ጋ ነው የሚፈሰው?"

ግንቦት 17፣ ቅዳሜ

ስንጥቁ! የግድግዳው ስንጥቅ በውሃው ውስጥ ታየኝ። ትንሽ ደብዘዝ ብሎ። ወይስ ስለጓጓሁ ነው? እማዬን ጠራኋት። "አያለሁ" አለች። መነጽሯን ግን አላደረገችም።

ግንቦት 19፣ ሰኞ

ሼባው ሁለት ፍሬ በላ። አልተፋም! ጮህኩ። እማዬ ከወጥ ቤት፦ "ሾርባዬን ስትበሉ አንድ ቀን እንዲህ አልተጮኸም!" አለች። ከዚያ "ስትበሉ" ማለቷን ሰማችው መሰለኝ።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ

እማዬ ዛሬ ሥራ ተመለሰች። ካለፍሽ ወዲህ ብቻዬን ቤት ስውል የመጀመሪያዬ ነው። በሩ ሲዘጋ ቤቱ ሰፋ። ክፍልሽ በር ላይ ቆምኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሜ ሄጄ ቆምኩ።

ከዚያ ገባሁ። መብራቱን አበራሁ። እንደምታደርጊው ክዳኑን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። ሼባው መጣ። ውሃው እንደሌለ ሆኗል።

ከአኳሪየሙ አንድ ጆግ ቀድቼ ስፖንጁን እዚያው ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አደረግሁት፤ ቡናማነቱ ሳይለቀው መለስኩት። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ።

ፎጣሽን ከፍራሼ ሥር አወጣሁት። አንዴ፣ በረጅሙ አሸተትኩት። አጠፍኩትና የእማዬ ትራስ ላይ አስቀመጥኩት። የደንበኛ ልብስ ላይ የምትሰካቸው ትናንሽ ወረቀቶች መሳቢያዋ ውስጥ አሉ። አንዱን ወሰድኩ፣ በትልልቁ ጻፍኩበት፣ በመርፌ ቁልፍ ፎጣው ላይ ሰካሁት፦

አይታጠብ።