ከዳቦው በኋላ የደረቀው ቅጠል

ውድ ሠርፀ፣

ደኅና መግባትህን እናትህ በስልክ ነግረውኛል፤ ስለዚህ ሰላምታውን አላንዛዛም። ይህን የምጽፍልህ ከዳቦ ቤታችን ጓዳ፣ ቅጠልህን ስናደርቅበት ከነበረው ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው።

እጠረጥርህ ነበር። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አታውቅም። ለምትሠራበት የደን ፕሮጀክት ቅጠል ልትለቅም ቅዳሜ ቅዳሜ ድልድዩን ስትሻገር፣ መንገድህ ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር፣ በሸሪካት በኩል መሆኑ ደስ አላለኝም። እዚያ ምግብ ቤት ያላት ሰገነት እንዴት እንደምትስቅልህ አይቻለሁ። ስለዚህ ቁርጡን ነገርኩህ፤ "ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ካልገባህ የቤቱን ቁልፍ እቀይረዋለሁ።" ሳቅህብኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቅዳሜ አራት ሰዓት አላለፈህም።

ከረጢቶቹን የምመዝነው እኔ ነበርኩ። ዳቦው ሲወጣ በቀረው ሙቀት ቅጠሉን እናደርቅና፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም እንደገና እንመዝነዋለን፤ የጎደለው ውሃ ነው። ውሃው ብዙ ከሆነ እሳት ቶሎ አይይዘውም። ካነሰ ደግሞ የፕሮጀክቱ ቢሮ ሰው ልኮ የጫካውን ዙሪያ ከሣርና ከቅጠል ያስጠርጋል። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ግን እያንዳንዱ ከረጢት ላይ በእጅህ ጽሑፍ "ከቀኑ ስምንት ሰዓት" ይል ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ የተለቀመ ቅጠል በዚያው ቀን አራት ሰዓት ላይ እንዴት እጄ ይገባል? ጫካ አይሄድም አልኩ በልቤ። ከሰገነት ጓሮ ከማንጎ ሥር እያፈሰ ያመጣልኛል አልኩ። ያም ሆኖ መመዘኔን ቀጠልኩ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ጫካው ሲቃጠል፣ ለቢሮው የሰጠኸው ወረቀት ቅጠሉ ገና እርጥብ ነው ይል ነበር። ዙሪያውን የጠረገ ሰው አልነበረም። የንብ አናቢው የሞጋ ቀፎዎች በሙሉ ነደዱ፤ ላድን ሲል እጁም ተቃጠለ። ቢሮው ቁጥሩን ከጭንቅላትህ ፈጥረሃል ብሎ አባረረህ። ቤት ገብተህ፣ "ሮዳስ፣ አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ?" አልከኝ። ፊቴን ሳላነሣ የሊጡን ገበታ ጠረግኩ። በማግስቱ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ።

ባለፈው ሳምንት ሸሪካት ሄድኩ። ለማጣራት ነው፣ አልዋሽህም። የሰገነት ጓሮ ሲሚንቶ ነው፤ ማንጎ የሚባል የለበትም። ከዚያ ሞጋን ፈልጌ አገኘሁት። እጁ እንደተጠቀለለ ነው።

"ባልሽ? ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ይመጣ ነበር" አለኝ። "ጤዛው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ያበሰብሰዋል። ቢሮው ከሰዓት ልቀም ብሎህ የለ እንዴ ስለው፣ 'ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ሚስቴ ትቆጣለች' ይለኛል።"



ጫካው ውስጥ እሳቱ ያልነካው አንድ ጥግ አለ። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ከአንድ ዛፍ ሥር መቶ ግራም ቅጠል መዘንኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከዚያው ዛፍ ሥር ሌላ መቶ ግራም አነሣሁ፤ እንደ ከረመ ዳቦ እጄ ላይ ፈራረሰ። ሁለቱንም አደረቅኳቸው። የጧቱ ሰባ ስድስት ግራም ሆነ፣ የከሰዓቱ ዘጠና ሦስት። ያው ጫካ፣ ያው ዛፍ፣ ያው ቀን ነው፤ ልዩነቱ የጧት ጤዛ ነው።

ቅጠሉን ከጫካ ነው ያመጣኸው። የዋሸኸው ሰዓቱን ነው፤ ያስዋሸሁህ ደግሞ እኔ ነኝ። ሞጋ የተቃጠለው በሁለታችንም ጥፋት ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰኞ ሁለቱን ከረጢቶች ይዤ ቢሮው እሄዳለሁ። ስለ ቁልፉም እነግራቸዋለሁ፤ ከፈለጉ ይሳቁብኝ። ሥራህን ላይመልሱልህ ይችላሉ። ቢያንስ ቁጥር አለመፍጠርህን ይወቁ። ከዚያ ሞጋ ጋ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ አንተም መምጣት አለብህ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሸሪካት የሄድኩ ቀን ስምህን ስጠራ ሰገነት ለምን ፊቷን አዞረች? ተወው፣ አትመልስልኝ። ቁልፉን አልቀየርኩትም። ስትመጣ ሰዓት አላይም፤ ላለማየት እሞክራለሁ።

ሚስትህ ሮዳስ
ጁባ፣ ቡሉክ