እናትና ልጅ ለአንድ የነርስ መደብ

ቀን፦ ግንቦት 6

ለሆስፒታሉ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በዲፕሎማ የምንሠራ ነርሶች ለቋሚ መደቡ እንድንወዳደር ይፈቀድልን ዘንድ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣

1. አመልካች በሕፃናት ክፍል በኮንትራት የምሠራ የዲፕሎማ ነርስ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረስኩ ሙያውን ተምሬ ገባሁ፤ ጠጉሬም እዚያው ሸበተ። ሕፃናቱ «እትዬ አይዞህ» ይሉኛል፤ መርፌ ከመውጋቴ በፊት ከአፌ የማትጠፋው ቃል እሷ ስለሆነች።

2. ባለፈው ሳምንት የምሠራበት መደብ ቋሚ ሆኖ ማስታወቂያ ወጣ። ስሰማ ደስ ብሎኝ ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ወረድኩት። ሰሌዳው ጋ ደርሼ «የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚለውን ሳነብ ግን መልሶ መውጣቱ ከበደኝ። ቅጥሩ ሲፈጸም ኮንትራቴ እንደሚቋረጥም ተነግሮኛል። ምዝገባ ክፍል ሄድኩ፣ ወደ ዋና ነርሷ ላኩኝ፤ ዋና ነርሷ መልሳ ወደ ምዝገባ ክፍል። መዝጋቢው ደግ ሰው ነው፣ አልከሰውም፤ «እናቴ፣ እኔ ብቀበልሽ እንኳ ኮምፒዩተሩ አይቀበልሽም» አለኝ። ኮምፒዩተር ደግሞ ሽማግሌ አይላክበት ነገር!

3. ዲግሪን የምቃወም እንዳይመስልዎ። ልጄ ዘንድሮ በነርስነት ዲግሪዋን ይዛለች፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ጥርሴ አልከደን ብሎኛል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በቤታችን አንዳችን ስንማር ሌላችን ተረኛ መግባት ነበረብን። እሷ ተማረች፣ እኔ ተረኛ ገባሁ። በልማድ ስሰጠው የኖርኩት መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ እሷ ናት። መማርስ ይጠቅማል።

4. ችግሩ፣ ይህቺው ልጄ ለመደቡ አልመዘገብም ማለቷ ነው። «እማዬ፣ አንቺን በር ላይ አስቁመው እኔ እናቴን ከወንበሯ አስነስቼ ልቀመጥ?» ትላለች። «አንቺ ሞኝ፣ የምን ወንበር? ቀኑን ሙሉ ቆመን አይደል የምንውለው!» ብላት አልሳቀችም። እልኳ የኔው ነው፤ ማንን እወቅሳለሁ? ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። እኔ በዲፕሎማዬ፣ እሷ በእልኳ፣ ሁለታችንም ውጭ ልንቀር ነው። እግሬም ምላሴም ደክመዋል፤ ቢሮ ለቢሮ መንከራተቱ ተረኛ ከመግባት ይብሳል።

5. ስለዚህ የምለምነው መደቡን እንዲሰጡኝ ሳይሆን እንዲፈትኑኝ ነው። ዲግሪ ላለው ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠው፣ ይገባዋል፤ ለብዙ ዘመን ልምድ ግን በሩ ከወዲሁ አይዘጋ። በጽሑፍም በተግባርም ይፈትኑን። ልጄ ከበለጠችኝ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ቁልፍ በገዛ እጄ፣ በደስታ አስረክባታለሁ። ሌላ ሰው ሁለታችንንም ቢበልጠን እሰየው፤ ለሕፃናቱ ነው።

6. መልስዎ አይሆንም ከሆነም፣ እባክዎ በቃል አያሰናብቱኝ። በማኅተም አስደግፈው ከዓርብ በፊት ይጻፉልኝ። እናቷ እስከ መጨረሻው በር አንኳኩታ እንደተመለሰች በዓይኗ ካላየች ልጄን ወደ ምዝገባ የሚያስገባት ኃይል የለም። እኔ ብቀር እንኳ፣ ክቡርነትዎ፣ እሷ አትቅርብኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የሕፃናት ክፍል የኮንትራት ነርስ