ለአራት ሄክታር የሚበቃ ትራክተር

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

እናት በጎች ሃያ ስድስት። ግልገሎች ሠላሳ ስምንት። ትናንት ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ... አንዱን ቦይ ውስጥ ሞቶ አገኘሁት። ዶሮ ስምንት፣ እንቁላል አምስት። ንፋሱ ከምዕራብ ነው፣ ዝናብ ያዘለ።

የታችኛው መስክ ሣር ቁርጭምጭሚት አልፏል። በገና ሰሞን ለድርቆሽ ይደርሳል። ማን ያጭደዋል? እስከ ዛሬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቴ ታማቲ አሮጌውን ቀይ ትራክተር እያንጓጓ ይመጣል። ያጭዳል፣ ድርቆሽ ያስራል፣ የወደቀ ዛፍ ይጎትታል። እኔ በየሁለት ወሩ አንድ በግ ገዝቼ አሳርዳለሁ። ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የእኔ። ገንዘብ የሚባል ነገር በመካከላችን የለም። በመጀመሪያው ዓመት «ስንት ልስጥህ?» ብዬው አንድ ወር አኩርፎኛል። ከዚያ ወዲህ አፌን ይዣለሁ።

ዛሬ ልጁ መሪያና ከዌሊንግተን ደወለች።

«አክስቴ ኖኤሊን፣ አባባን ከዚያ ትራክተር አውርጂልኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ዳሌው ነዋ! ያ ፍሪሲዮን እየገደለው ነው። ሐኪሙ ከፍ ያለ ነገር ላይ መውጣት፣ ከባድ ፔዳል መርገጥ ይቅርብህ ብሎታል። አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም።»

«ለአንቺ ሲል ነው የሚወጣው። አንቺን እምቢ አይልም።»

ባለፈው ክረምት ከትራክተሩ ሲወርድ ጎማውን ይዞ ትንሽ ይቆም ነበር። አየሩን የሚያይ መስሎኝ...

እንግዲህ የራሴን መግዛት ነው። ሠላሳ ዓመት ለእርድ ድርጅት በግና ከብት ስገዛ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትራክተር ጥርሱን ከፍተው አያዩትም እንጂ ግዢ ያው ግዢ ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ፊልዲንግ ከተማ፣ ትራክተር መሸጫ ሄጄ ዋልኩ። ሻጩ ሮስ ይባላል። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፤ ጫማዬን ካየ በኋላ ነው ሰላም ያለኝ። ደህና ሻጭ ነው ማለት ነው።

«ስንት ሄክታር አለዎት?»

«አራት።»

«እንግዲያው ይቺ ናት።» የአንዲት ትንሽ ትራክተር ኮፈን መታ መታ አደረገ። «ሠላሳ አምስት የፈረስ ጉልበት። ለአራት ሄክታር ከዚህ በላይ መግዛት ለዶሮ የከብት በረት መሥራት ነው።»

ሥሯ ገብቼ አየሁ። ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር የለም። መለዋወጫ በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቅኩ። ሜትር ይዤ ነበር፤ ቢገለበጥ ነጂውን የሚከላከለውን ብረት ለካሁ፣ በመጋዘኔ በር ያልፋል። ከማጨጃ ጋር አንድ ላይ ከወሰድኩ ቅናሽ አለው። ሁሉም ነገር ገጠመ።

ሮስ ቅጽ መሙላት ጀመረ።

«ባለቤትዎ መጥተው ማየት ይፈልጋሉ?»

«ባለቤት የለኝም።»

«ሌላ የሚነዳ ሰውስ?»

«የለም።»

«አንድ ነጂ» ብሎ ጻፈ። ጥሩ የእጅ ጽሑፍ አለው።

አሰላስዬ እመለሳለሁ አልኩት። የመጀመሪያውን ዋጋ በዚያው ቀን ተቀብዬ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ታማቲ በእግሩ መጣ። ትራክተሩ አልነሳ ብሎኝ ነው አለ። እውነት ይሁን ውሸት አልመረመርኩም።

«ትራክተር ልገዛ ነው» አልኩት። «የራሴን።»

«እሰይ። ምን ዓይነት?»

«ትንሽ። አንድ ሰው የሚበቃት።»

«ጥሩ ነው... ጥሩ ነው።»

ሐሙስ ያሳረድኩትን በግ ወደ ቤቱ ላደርስለት መኪና ላይ ጫንኩ። ሁለቱንም ግማሽ። ቆሞ አየኝ።

«ይሄ እኮ ሙሉ ነው።»

«ሙሉ ነው። ለአሥራ አንዱ ዓመት ምስጋና ይሁንልህ።»

«ፋብሪካ ስሠራ ሰው በጡረታ ሲሸኝ የእጅ ሰዓት ይሰጡት ነበር። አንቺ ደግሞ በግ። ይሻላል፣ በግ ይበላል።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ሻይም አልጠጣም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

አልመጣም። ዝናብ ስለነበረ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

እናት በጎች ሃያ ስድስት። ግልገሎች ሠላሳ ስምንት። እንቁላል ስድስት።

አልመጣም። ዝናብ አልነበረም።

ከመቁጠር የማልቦዝን ሰው ነኝ፤ በዚህ ሳምንት ከሰው ጋር ያወራሁትንም ቆጠርኩ። ሰኞ ነዳጅ ማደያ፦ «ደረሰኝ አልፈልግም።» ረቡዕ ፖስተኛዋ «ንፋሱ!» ስትለኝ «ንፋሱስ!» አልኳት። ሐሙስ አንዲት በግ ሰድቤያለሁ፤ አይቆጠርም። በቃ። ሰባት ቀን ይኸው ነው።

ዝንጅብል ያለበትን ብስኩት ገዝቼ ነበር። ሲመጣ እሱን ነው የሚበላው። እኔ ዝንጅብል አልወድም።

ምን አደረግኩት? ትራክተር መግዛቴ ነው? አይደለም፤ መጀመሪያ እሰይ ብሏል... በጉ ነው። ግማሹን ስሰጠው ሌላው ግማሽ እኔ ጋ ይቀራል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ይታረዳል ማለት ነው። ሙሉውን ስሰጠውስ? ጨርሰናል፣ ደህና ሁን። እኔ ለእሱ ያዘንኩ መስሎኝ በገዛ እጄ አሰናበትኩት። ሠላሳ ዓመት የሰው ፊት ሳነብ ኖሬ ይህን አላነበብኩም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ቤቱ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጧል፣ ውሻው እግሩ ሥር።

«ነጋዴዋ መጣች!» አለ። አልተነሳም።

«ዓርብ ፊልዲንግ አብረን እንሂድ።»

«ለምን?»

«ሻጩ እንዳያታልለኝ።»

ውሻው ሳይቀር ቀና አለ።

«አንቺን? አንቺን የሚያታልል ሰው ከተፈጠረ ሳላየው አልሙት።»

«ናና እየዋ።»

«ይሄ ዳሌዬ...»

«ዳሌህን መኪናው ይሸከመዋል።»

«መሪያና ናት የነገረችሽ፣ አይደል? የዚች የኒውዚላንድ የቀዶ ጥገና ወረፋ እንደሆነ ከዕድሜዬ ይረዝማል። ሁለት ዓመት ጠብቅ አሉኝ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እነሱ ምን አስቸኮላቸው!»

ስለ በጉ አላነሳሁም። እሱም አላነሳም። ይቅርታ ልል ሄጄ ትራክተር አውርቼ ተመለስኩ። ግን እሄዳለሁ ብሏል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ታማቲ ጎማውን ረገጠ፣ ዘይቱን አሸተተ፣ ሮስን ሁለት ጥያቄ ጠይቆ አንዱን እንዳልመለሰ ነገረው። ከዚያ ትንሿ ላይ ወጣ። ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑ ጋ አልደርስ አለው። ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ያዘና እግሩን በእጁ አንስቶ ፔዳሉ ላይ አስቀመጠው። ልክ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ።

ዞር ብዬ የዋጋ ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ። ሮስ ስለ ዘይት ማጣሪያ ያወራል።

«ለአንቺ ጥሩ ናት» አለ ታማቲ ከላይ ሆኖ። «ቀላል ናት። ለአንድ ሰው።»

ከጎኗ አንድ ትልቅ ትራክተር ቆሟል። ስልሳ የፈረስ ጉልበት። መውጫው የቤት ደረጃ ያህል ዝቅ ያለ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለመሄድ ፍሪሲዮን አይረገጥም፤ መሪው ሥር ትንሽ ዘንግ አለች፣ በጣት ትገፋለች።

«ያ ለእርስዎ አይሆንም» አለ ሮስ።

«እስኪ ለጨዋታ ውጣበት» አልኩት ታማቲን።

ወጣ። ምንም ነገር ሳይዝ ወጣ። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ሁለተኛውን በአንድ እጁ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ጎረምሳ።

«ወንድምዎ ናቸው?» አለኝ ሮስ።

«ጎረቤቴ ነው።»

ስንመለስ ድልድዩን ካለፍን በኋላ «ሣርሽ ዘንድሮ ቶሎ ይደርሳል» አለ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ትልቁ ከትንሿ በአሥራ አንድ ሺህ ዶላር ይበልጣል። ለአራት ሄክታር ያንን ያህል ማሽን ቀልድ ነው። ገበያ የማውቃቸው ሰዎች ቢሰሙ ስሜ ይጠፋል።

በሌላ በኩል... የታማቲ ማጨጃና የድርቆሽ ማሰሪያ መጋዘኑ ውስጥ ሥራ ፈተው ቆመዋል። ትንሿ ማሰሪያውን አትጎትትም፤ ትልቁ ይጎትታል። ትንሿን ከገዛሁ ለማሰር ሰው መቅጠር አለብኝ። ለሁለት መስክ ብሎ የሚመጣ ተቀጣሪ ደግሞ የለም፤ የሁሉን ሰው ጨርሶ እኔ ጋ ሲደርስ ሣሩን ዝናብ መትቶታል። ማጨጃም አልገዛም። ስለዚህ ስሌቱ ይገጥማል።

ይገጥማል ወይስ እያስገጠምኩት ነው? አንድ ሰው የወደዳትን ጊደር ለመግዛት ምክንያት ሲፈልግ በሩቁ አውቀዋለሁ። ስንቱ በዚያ ሲከስር አይቻለሁ።

እሺ። በአሥራ አንድ ሺህ ዶላር ቅዳሜን መልሶ መግዛት ይቻላል ቢሉኝስ? እከፍል ነበር። ዋጋ ተከራክሬ ቢሆንም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ለሮስ ደወልኩ።

«ትልቁን እወስዳለሁ።»

«ወይዘሮ ኖኤሊን፣ ለአራት ሄክታር እኮ—»

«ሮስ፣ አንተ ሻጭ ነህ። ውዱን ልግዛ ስልህ ትከራከረኛለህ።»

ዋጋውን ነገረኝ። ዝም አልኩ። ዝምታ ሻጭን እንደ ዕዳ ነው የሚያስጨንቀው። አንድ ሺህ ቀነሰ። አሁንም ዝም። የመጀመሪያውን ዓመት ጥገና ጨመረልኝ። «እሺ» አልኩ።

ማታ የስሌቱን ወረቀት እንደገና አወጣሁ። ቢያኮርፍ አሁንም? ምጽዋት ነው ቢልስ? ያኔ ስልሳ የፈረስ ጉልበት ይዤ ብቻዬን ልቀመጥ ነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

ትራክተሩ ደረሰ። ከጭነት መኪና ሲወርድ ታማቲ አጥሩ ጋ ቆሟል። ድምፁን ሰምቶ ነው። አልጠራሁትም።

«ተሳስተው ነው እንዴ?» አለ። «ትልቁን አመጡልሽ።»

«ትንሿ አልቃለች አሉ።»

«ሦስት ቆመው ነበር።»

«ተሸጡ።»

መሪው ሥር ያለችውን ዘንግ አየ። እኔን አየ። እንደገና ዘንጓን አየ።

«ከብት ስትገዢም እንዲህ ነበር የምትዋሺው?»

«ያኔ የተሻለ እዋሽ ነበር።»

«ማጨጃሽስ?»

«የለኝም።»

«ማሰሪያስ?»

«እሱም የለኝም።»

«ታዲያ በጥርስሽ ልታጭጂ ነው?»

ዓይኔ ወደ እሱ መጋዘን ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«የእኔዎቹ ትንሽ ቅባት ካገኙ ይሠራሉ» አለ። ከዚያ ለመሄድ ዞር ብሎ፦ «ያ በግሽ ደግሞ ማቀዝቀዣዬን ሞልቶት ዓሣ ማስገቢያ አጣሁ። መጥተሽ ግማሹን ውሰጂልኝ።»

ዛሬውኑ ሄጄ ወሰድኩ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 3

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እስር ድርቆሽ። አንድም ዝናብ ያገኘው የለም። ጎኔን ያመኛል፣ ክንዴ ተቧጭሯል።

ታማቲ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነዳ። ለምሳ ሲወርድ ጎማ አልያዘም። መሪያና ለአዲስ ዓመት መጥታ ስለነበር ከእኔ ጋር ስትከምር ዋለች። መጀመሪያ ተቆጥታ ነው የመጣችው፤ ከፊቷ ያስታውቃል። ትራክተሩን ዞራ አየችው።

«ፍሪሲዮኑስ?»

«በእጅ ነው።»

«መውጫው...»

«ዝቅ ያለ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ለአራት ሄክታር?»

«ርካሽ አግኝቼው ነው።»

ጉንጬን ሳመችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ታማቲ ከላይ ሆኖ «ወሬውን ተዉትና እስሩን አንሡ! ሁለት ሰነፎች!» እያለ ይጮኻል።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 4

እናት በጎች ሃያ ስድስት። ግልገሎች አሥራ አራት፣ የቀሩት ተሸጠዋል። እንቁላል ሰባት።

በጎቹን ቆጥሬ ከላይኛው መስክ ስመለስ ታማቲ ትራክተሩ ላይ ተቀምጧል። እሑድ መጥቶ አያውቅም። የቤቱን በር የዘጋበት የወደቀ ዛፍ አለ፣ ሊጎትት ፈልጎ ነው።

«መቼ መጣህ?»

«አንድ ሰዓት ይሆነኛል።»

«ታዲያ ለምን አልጎተትክም?»

«ቁልፉ የታለ?»

ኪሴ ውስጥ ነበር። ሻጮቹ የሰጡኝ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ጠፍቷል ብለውኛል።

«ደውለህ አትጠራኝም ነበር?»

«ከዚህ ላይ ሆኖ መስኩ ያምራል» አለ።

ቁልፉን ሰጠሁት። ዛፉን ጎትቶ ትራክተሩን ሲመልስ እኔ ሻይ አፍልቼ ጠበቅሁት። ሁለት ጠጣ።

ነገ፦ ፊልዲንግ መሄድ። ለበጎች ጨው መግዛት። ቁልፍ ቀራጩ ጋ ጎራ ብሎ አንድ ተጨማሪ ማስቀረጽ።